ለፈትያ፣ በቀይ እስክርቢቶ

ፈትያ፣ ጽሑፍሽን ሌሊቱን አነበብኩ፤
መብራት ሄዶ ነበር፣ በስልክ ጭላንጭል ዐይኔን አጠበብኩ።
“ወርቃማዋ ጀምበር ጮራዋን ስትፈነጥቅ፣
ወፎች ሲዘምሩ፣ ጤዛው ሲያብረቀርቅ…”
ብለሽ ጀምረሻል።

ይቺ ጀምበር ማናት? ከየት መጣችብሽ?
ሰኔ ነው፤ ጅማ ነው፤ ዝናብ ነው የመታሽ።
ከሄርማታ እስከ ግቢው በባጃጅ ተጭነሽ፣
ጎማው በረጨው ውኃ ቀሚስሽን አርሰሽ
ነበር የደረስሽው።
ጀምበሯን ያገኘሻት ባለፈው ዕትም፣ ገጽ ሦስት ላይ ናት፤
የዚያም ጸሐፊ ከካቻምናው ነው የተዋሳት፤
እንዲህ ስንዋዋስ ሃያ ዓመት አወጣናት፣
አንድ ቀን እንኳን ሳናጠልቃት።

ቀጥሎ፣ “ለመሆኑ እኚህ አዛውንት ማን ናቸው?” ትያለሽ፣
ርዕሱ ላይ ስማቸውን በትልቁ ጽፈሽ።

“ሕይወት ፊቷን ያዞረችባቸው፣
የዘመን ማረሻ ግንባራቸውን ያረሰው…”
እዚህ ላይ ቀዩ ቀለም አለቀብኝ፤ ሌላ ፍለጋ ተነሳሁ።
ስንቱን ግንባር አርሰን ምን ዘራንበት?

“በማለት ገለጹ”፣ “ሲሉም አከሉበት”፣
“በፈገግታ ታጅበው አጫወቱን” ካልሽበት
ማለታቸው አለ፣ ያሉት ግን የለበት።
ቀፎውን ተሸክመሽ መጣሽ፤ ማሩን የት ጣልሽው?

ትናንት ራሴ ሄድኩኝ፣ የተቀደደ ጃንጥላ ይዤ።
(እውነቱን ለመናገር፣ ቀድጄ ነው የያዝኩት።)
አቶ ሸምሲ አባ ወጂ ከፎቶ ኮፒው ቤት ቆርቆሮ ሥር፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ፣
ሽቦ በጥርሳቸው ነክሰው ነበር።
“ስምንት ዘንግ አለው” አሉኝ፣ ሽቦውን ሳይተፉ፤
“ሰባቱ ደህና ነው፣ አንዱ ነው የሚያፈስሰው።
ሰው ግን ሲመጣ፣ ጃንጥላዬ ሞተ ይለኛል።
ተማሪ ደግሞ ሰኔ አምጥቶ፣ ሐምሌ ተመርቆ ይሄዳል።”

ከኋላቸው አየሁ፦
አርባ አንድ ጃንጥላ፣ ባለቤት ያልተመለሰለት፣
በየእጀታው ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ስም፦
“የፋርማሲዋ ልጅ”፣ “ረጅሙ”፣
“ዕዳ ያለባት”፣ “ሠርግ አለብኝ ያለው”።
አንዱን ከዘጠና ሁለት ጀምሮ በየወሩ ከፍተው ያናፍሱታል፣
ብል እንዳይበላው።
ይኼን አላየሽም?
ወይስ አይተሽ፣ ጌጥ የለውም ብለሽ ተውሽው?

“እንባ ባቀረረ ዐይናቸው” ያልሽውንም ጠየቅኳቸው።
“የማስቲሽ ሽታ ነው” አሉና ሳቁ።
“ያለቀሰችውስ ልጅቷ ናት።”
“ለምን?”
“እኔ እንጃ። የአባቷን ጃንጥላ ይዛ ነበር፤
ይሠራ አላለችኝ፣ አልሰጠችኝ፤
ስለ ሕይወቴ ስትጠይቀኝ ጨርቁን ታሻሻለች።”
እስክርቢቶዬን ከኪሴ አውጥቼ ነበር፤
መልሼ ከተትኩት።

እኔም በዚሁ ግቢ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣
ስለ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ
“ጊዜ እንደ ጊቤ ወንዝ ይፈሳል” ብዬ ጀመርኩ።
ጋዜጣውን ወስጄ ሰጠኋት።
ቆማ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ እስከ መጨረሻው አነበበችና
“ደህና ነው” አለችኝ፤ “ስለ ማን ነው?”

እንግዲህ መልሼልሻለሁ። ጀምበሯን አጥልቂያት፣ ደክሟታል።
ከስምንተኛው ዘንግ ተነሺ፣ ከሚያፈስሰው።
የአባትሽን ጃንጥላ ማስገባት አለማስገባት ያንቺ ፋንታ ነው፤
ብቻ እንባውን ለባለቤቱ መልሺ፣
የሰው ዐይን ላይ አትጻፊው።
እስከ ሐሙስ አድርሺልኝ፤ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም።
የኔን ጃንጥላ? እስካሁን አልወሰድኩትም።
እጀታው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል አሉ፤
“ቀይ እስክርቢቶ” የሚል።